ቫሌ ደ ሜ (ፕራላን ደሴት፣ ሲሼልስ)፦ ትኬቱ ውድ ነው፣ ግን ከፍላችሁ ግቡ

ሲሼልስ ሄዶ የመጣ ሰው ሁሉ ሚያሳያችሁ ፎቶ ባህርና ነጭ አሸዋ ነው፣ ባህሩ እውነትም ያምራል ምንም ማለት አይቻልም፣ እኔ ግን ሀገሩ የገባኝ ጫካው ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ ቫሌ ደ ሜ ልንገራችሁ፣ ፕራላን ደሴት መሀል ያለው የዘንባባ ጫካ፣ ዩኔስኮ በ1983 የመዘገበው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው)።

አካሄዱ አያስቸግርም። ኤርፖርቱም ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያም ማሄ ደሴት ላይ ናቸው፣ አብዛኛው ህዝብም እዛው ነው፣ ከዛ በፈጣኑ ጀልባ ፕራላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነፋሱ ከደቡብ ምስራቅ ስለሚነሳ ማዕበሉ ከባድ ነው፣ ጉዞ ሚያስመልሳችሁ ሰዎች ኪኒናችሁን ቀድማችሁ ውሰዱ። ደሴቱ ላይ ታክሲ ግድ አይደለም፣ የህዝብ አውቶቡሱ በጫካው በር ያልፋል፣ ለሹፌሩ ብቻ ንገሩት።

ዋጋው ለውጭ ሰው ውድ ነው፣ አልደብቃችሁም። «ዛፍ ለማየት ይሄን ሁሉ?» ብሎ ከበር ሚመለስ ሰው አለ፣ አይፈረድበትም። ግን ብሩ የት እንደሚሄድ እወቁ፦ ጫካውን ሚያስተዳድረው የሲሼልስ ደሴቶች ፋውንዴሽን ነው፣ አልዳብራንም ሚጠብቀው እሱ ነው። አልዳብራ ማለት ከማሄ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ፣ ግዙፎቹ ኤሊዎች በአስር ሺዎች ሚኖሩበት ደሴት ነው፣ ቱሪስት እንደልቡ አይደርስበትም ስለዚህ ራሱን በራሱ ሚያስተዳድርበት ገቢ የለውም፣ እዚህ ከትኬት ሚገኘው ገንዘብ ነው እዛ ያለውን ስራ ሚደጉመው። ህዝቡ ከመቶ ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሀገር 115 ገደማ ደሴት በህንድ ውቅያኖስ ላይ ተበታትኖበት እንዲህ አድርጎ ማስተዳደሩ በጣም ነው ያስገረመኝ።

ወደ ጫካው ልመለስ። አስጎብኚ ያዙ! ያለ አስጎብኚ ከገባችሁ ቅጠል አይታችሁ ትወጣላችሁ። ኮኮ ደ ሜር ሚባለው ዘንባባ በተፈጥሮ ሚበቅለው እዚህ ፕራላንና አጠገቧ ያለችው ኩሪዩዝ ደሴት ላይ ብቻ ነው፣ ዘሩ በዓለም ላይ ካሉ ዘሮች ሁሉ ከባዱ ነው፣ ፍሬው ከነልባሱ ከ20 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፣ ለመብሰል ደግሞ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። በር አካባቢ አንስታችሁ እንድትሞክሩት የተቀመጠ አለ፣ ሞክሩት፣ ክብደቱን በእጅ ሳይዙት አይታመንም። ወንዴውና ሴቴው ዛፍ ለየብቻ ናቸው። አስጎብኚያችን አንድ ወንዴ ዛፍ ስር አቁሞን ወደ ላይ አሳየን፣ ክንድ የሚያህል አበባ ተንጠልጥሏል፣ አበባው ላይ ደግሞ አረንጓዴ እንሽላሊት ተለጥፎ ብናኙን ይልሳል። ከዛ ቅጠሉን አሳየን፣ የታጠፈ ሆኖ እንደ አሸንዳ የዝናቡን ውሃ ከነተከማቸበት ርጋፊ ሰብስቦ ግንዱ ስር ያወርደዋል፣ አፈሩ ደካማ ስለሆነ ዛፉ ራሱን ሚመግበው እንዲህ ነው። ዝናብ ሲመጣ ያን ቅጠል ሲመታ ያለው ድምፅ ደሞ ሌላ ነው፣ ካፊያ ከሆነ አትሽሹ ቆማችሁ ስሙት።

ታሪኩም ይገርማል። ሲሼልስ ድሮ ሰው ያልነበረባት ሀገር ናት፣ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በ1770 የገቡት 28 ሰዎች ናቸው፣ ፈረንሳዮች፣ አፍሪካውያን ባሪያዎችና ህንዶች፣ የዛሬው ህዝብ መልኩም ቋንቋውም ድብልቅ የሆነው ከዛ ጀምሮ ነው፣ ክሪኦል (ከፈረንሳይኛ የተወለደው የሀገሩ ቋንቋ)፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ሶስቱም የስራ ቋንቋ ናቸው። ሰው የኮኮ ደ ሜርን ዛፍ ከማግኘቱ በፊት ፍሬው እየተንሳፈፈ ማልዲቭስ ይደርስ ስለነበር ከባህር ስር ካለ ዛፍ ነው ሚወድቀው ይባል ነበር፣ ዛፉ ፕራላን ላይ የታወቀው በ1768 ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ጎርደን፣ በ1879 ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተነጋገረው፣ በኋላም ካርቱም ላይ የተገደለው ሰውዬ፣ በ1881 እዚህ መጥቶ ይሄ ኤደን ገነት ነው፣ ዛፉም ያ የእውቀት ዛፍ ነው ብሎ አምኖ ነበር። ከአስጎብኚው ስሰማ የኛን ታሪክ ውስጥ ያለ ሰው እዚህ አገኘዋለሁ ብዬ ፈፅሞ አልጠበቅኩም።

ማሻሻል ያለባቸው? ቢንቢ አለ፣ መከላከያ ቅባት ያዙ። እኩለ ቀን ላይ ቡድን በቡድን ሆኖ ይገባል ጩኸት ይበዛል፣ ጥቁሩን በቀቀን (የሚራባው ፕራላን ላይ ብቻ ነው፣ ቁጥሩም ከሺህ አይሞላም) ማየት ምትፈልጉ ጠዋት ሲከፈት ግቡ፣ ድምፁን ሰምታችሁ ላታዩት ትችላላችሁ ግን። መንገዱ ደረጃና ድንጋይ ስላለው ሸበጥ አያዋጣም። ልጆችና ሽማግሌ ከያዛችሁ አጭሩን መንገድ ምረጡ፣ ዋና ዋናው ነገር እሱም ላይ አለ።

ፍሬውን መግዛት ካማራችሁ ታግና የፈቃድ ወረቀት ያለውን ብቻ ግዙ። የዘሩን ውስጥ ለመሸጥ ሲሉ ፍሬውን ሚሰርቁ አሉ፣ ዛፉ ደግሞ ቶሎ ሚተካ አይደለም፣ እኔም አንዱ ሱቅ ወረቀት የሌለው በቅናሽ ልስጥህ ብሎኝ ትቼ ወጥቻለሁ። ስትወጡ ወረቀቱን ኤርፖርት ሊጠይቋችሁ ስለሚችል ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙት፣ ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት።