አዲስ አበባ ውስጥ ለአሮጌ ኮምፒውተር ራም ስፈልግ

ለገና ከሲልቨር ስፕሪንግ አዲስ አበባ ገብቼ ሁለት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ሞክሬያለሁ። አንደኛው በጣም አሳዝኖኛል። ሁለተኛውን ግን ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም።

የእህቴ ልጅ የሚያጠናበት ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 ነው። ያረጀ ነው፤ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነጻ ሲስተም ስለተጫነበት ግን ደህና ይሠራል። ችግሩ ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ነገሮችን ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ 2 ጊጋ ብቻ መሆኑ ነው። ብሮውዘር ላይ ሦስት አራት ገጽ ከተከፈተ ቀጥ ይላል። ወደ 8 ጊጋ ላሳድግለት ቃል ገባሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ ሁለት ባለ 4 ጊጋ፣ ዲዲአር3 የሚባል ዓይነት ራም ሸጠልን። ቤት ወስደን ስንሰካው ስክሪኑ ጨለመ፤ የኮምፒውተሩ ሳጥን ብቻ ይጮሃል። የድሮውን ራም ስንመልስ ይነሳል። ይዘነው ተመለስን። ሻጩ ሊኑክስ መሆኑን ሲሰማ "ሊኑክስ ይሄን ራም አይቀበልም፤ ፎርማት አድርገን ዊንዶውስ እንጫንበት" አለ። ለፎርማቱም ሌላ ሂሳብ ጠየቀ። ያናደደኝ ይሄ ነው። ማሽኑ እኮ ሊኑክስ ጋ ሳይደርስ ነው የቆመው። የዴል ምልክት እንኳ አልወጣም! ላስረዳው ብሞክር አልሰማኝም። ብሬንም አልመለሰም።

በማግስቱ ጎረቤት ወደጠቆመን ጠባብ ጥገና ቤት ሄድን። ወጣቱ ባለሙያ ራሙን አገላብጦ አየና "ጋሼ፣ እስቲ ቺፖቹን ይቁጠሯቸው" አለኝ። ስምንት ናቸው፤ ያሉትም በአንድ በኩል ብቻ ነው። ይሄ ማሽን የሚፈልገው በሁለቱም በኩል ስምንት ስምንት ያለውን ነው አለ። ምክንያቱንም ቁጭ ብሎ ነገረኝ። 4 ጊጋ ለስምንት ቺፕ ሲካፈል እያንዳንዱ 512 ሜጋባይት ይይዛል። የዚህ ማሽን የኢንቴል ቺፕሴት (ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ደግሞ ከ256 በላይ የሚይዝ ቺፕ ማንበብ አይችልም። ባለ 16 ቺፑ ግን ልክ 256 ላይ ያርፋል። ስፒዱም ዓይነቱም አንድ ሆኖ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ካሉት ያገለገሉ ራሞች ሁለት መረጠ። ጫፋቸውን በላጲስ አሸ፣ ስሎቱን በብሩሽ ጠረገ፣ ሰካ። ተነሳ። የእህቴ ልጅ ተርሚናል ከፍቶ ሲያየው 7.7 ጊጋ አሳየ። የቀረውን ግራፊክሱና ሲስተሙ ይይዙታል።

እኔ ለመሄድ ስነሳ "ገና ነው ጋሼ" አለ። ሜምቴስት86ፕላስ የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነስቶ ፍተሻ ጀመረ። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ እንዲፈትሽ ተወው። ጠዋት ብንመጣ ስክሪኑ ላይ ስህተት የሚያሳዩ ቀይ መስመሮች ተደርድረዋል። አንዱን ራም ብቻውን፣ ከዚያ ሌላውን ብቻውን እየሰካ ጥፋተኛውን ለየው። ያንን በሌላ ቀይሮ እንደገና ፈተሸ። ሁለተኛው ዙር ንጹህ ወጣ። ዝም ብሎ ቢሰጠን ኖሮ እኔ ከተመለስኩ በኋላ ልጁ በየቀኑ በሚቆም ማሽን ሲሰቃይ ነበር።

ያስከፈለኝ የሁለቱን ራም ዋጋ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹንም "አይጣሉ፣ ከዚህ አዲስ ለሆነ የዲዲአር3 ማሽን ይሆናሉ" ብሎ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ።