የመንገዳችን የጋዝ ቧንቧ ቅየራ፦ ሥራው አሪፍ፣ ማሳወቁ ደካማ

የምኖረው ደቡብ ለንደን ነው። ሰሞኑን የጋዝ ድርጅቱ ሠራተኞች የመንገዳችንን ዋና የጋዝ ቧንቧ ቀይረው ጨረሱ። አምስት ሳምንት ፈጀ። ሰፈሩ ሐበሻ የሚበዛበት ስለሆነና ተራው ገና ያልደረሳችሁ ብዙ ስለምትሆኑ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ።

ለምን ይቆፍራሉ ለምትሉ፣ ከሥር ያለው የድሮ ብረት ስለሆነ ነው። ብረት ይዝጋል፣ መሬቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፣ በየመገጣጠሚያውም ጋዝ ያሾልካል። በ1999 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ላርክሆል ውስጥ ከዛገ ቧንቧ በሾለከ ጋዝ ቤት ፈንድቶ የአንድ ቤተሰብ 4 ሰዎች ሞተዋል። በ2002 የተጀመረው የቅየራ ፕሮግራም፣ ለቤቶች በ30 ሜትር የሚቀርበውን የብረት ቧንቧ እስከ 2032 ከአገልግሎት ለማውጣት ነው የታቀደው። ይህን ካወቅኩ በኋላ በመኪና ማቆሚያው መዘጋት መናደዴን ተውኩት።

አሠራራቸውን ቆሜ ነው ያየሁት። መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቆፍሩትም። እዚህና እዚያ ጉድጓድ ያወጡና ቢጫውን ፕላስቲክ ቧንቧ በአሮጌው ብረት ሆድ ውስጥ እየገፉ ያሳልፉታል፤ ብረቱ እዚያው መሬት ውስጥ ይቀራል። መገጣጠሚያውን በኤሌክትሪክ አሙቀው ያቀልጡትና ሁለቱ ጫፎች አንድ ይሆናሉ። አዲሱ ከአሮጌው ስለሚቀጥን ለሁሉም ቤት እንዲበቃ ግፊቱን ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ሁሉ አንዱ ሠራተኛ ሥራውን አቁሞ በትዕግሥት አስረዳኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ሲሊንደር በታክሲ እያስጫነ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ነገሩ ይገርማል። ከኖርዌይ ከሚመጣው ጋዝ ላንገሌድ በሚባለው መስመር የሚያልፈው 1,166 ኪሎ ሜትር በባሕር ሥር ይጓዛል። እዚህ ሲደርስ 7,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የአገሪቱ ትልቅ የብረት መስመር ይቀበለዋል፣ ግፊቱም እስከ 94 ባር ይደርሳል። ከዚያ በየጣቢያው እየተቀነሰ፣ እየተቀነሰ፣ እኔ ሽንኩርት የማቁላላበት ምድጃ ጋ ሲደርስ 21 ሚሊባር ገደማ ብቻ ነው (አንድ ባር 1,000 ሚሊባር ነው)።

የእኛን ቤት ወደ አዲሱ ቧንቧ ያዞሩት በአንድ ቀን ነው። ጠዋት ዘጉት፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መለሱት። ባለሙያው ቤት ገብቶ የሚያሾልክ ነገር እንደሌለ ቆጣሪው ጋ በመለኪያ አረጋገጠ፣ ቤቱንና ውሃውን የሚያሞቀውን ቦይለር አስነሳ፣ ምድጃውንም አንድ በአንድ ለኮሰ። ጫማው ላይ ሽፋን አድርጎ ነው የገባው። በዚህ ምንም አይወጣላቸውም።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በእትዬ ምክንያት ነው። ከእኛ በላይ ያሉ ጎረቤታችን ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ደብዳቤው የመጣው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እንግሊዝኛ አያነቡም። ሁዳዴ ስለነበር በዚያ ቀን ቅዳሴ ሄደዋል። ሠራተኞቹ የሚከፍትላቸው ሰው ስላጡ ካርድ በበሩ ጥለው ሄዱ። ቤት ሰው ከሌለ መልሰው አይከፍቱም፤ ይህ ለደኅንነት ስለሆነ ትክክል ነው። ግን እትዬ ያን ሌሊት ያለ ማሞቂያ አደሩ። እኔ የሰማሁት ሦስት ሰዓት ማታ ነው፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያችንን ይዤ ሮጥኩ። በማግስቱ ጠዋት መጥተው ከፈቱላቸው፣ ይቅርታም ጠየቁ። እኔ ግን አሁንም ያናድደኛል። ይህን ሁሉ ቧንቧ ያለ እንከን የሚዘረጋ ድርጅት አንድ ገጽ ማስተርጎም እንዴት ያቅተዋል?

ፕራዮሪቲ ሰርቪስስ ሬጅስተር የሚባል መዝገብ አለ። ለአረጋውያን፣ ለታመሙ፣ ሕፃን ላላቸው፣ በቋንቋ ለሚቸገሩም ነው። ምዝገባው በነፃ ነው። ጋዝ ሲቋረጥ ለእነሱ ተጨማሪ እርዳታ ይሰጣል። ጋዝ ከሸተታችሁ ደግሞ መስኮት ክፈቱ፣ መብራት አታብሩ አታጥፉ፣ ወጥታችሁ 0800 111 999 ደውሉ። ሌሊትም ይሠራል።

እትዬን ባለፈው ሳምንት አብረን አስመዘገብናቸው። ከጀርባችን ያለው መንገድ በሚቀጥለው ወር ይጀመራል፤ ደብዳቤው የደረሳችሁ ትርጉም ከፈለጋችሁ ላኩልኝ፣ በዚያው ቀን እመልሳለሁ።