ስም የማይጠይቀው የቅሬታ አፕ፦ ከአምስት ኮከብ አንድ

መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛው በስልኩ ቅሬታ እንዲያቀርብ ብሎ አንድ አፕ ከገዛ ዓመት አለፈው። ስሙን አልጠራም፤ በእኛ አለቆች እጅ ሌላም ቢገባ ያው ይሆን ነበር። ግን ተጠቅሜበት ተጎድቻለሁና ደረጃ የመስጠት መብት አለኝ።

መጀመሪያ መልካሙን ልናገር። ለመክፈት ቀላል ነው፣ አማርኛው አያስቅም፣ ሌሊትም ይሠራል። እኔ የጻፍኩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጸዳጃ ቤት በሩን ቆልፌ ነው። አንዷ ኮከብ የዚህ ናት።

የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ነኝ። የፈረቃ ኃላፊያችን ደንበኛ የተቆጣብኝን ቅጂ መርጦ በስፒከር ይከፍትና በሁሉም ፊት ድምፄን ያስመስላል፦ «እ... እ... ይቅርታ ጌታዬ»። ስደነግጥ እንተባተባለሁ፣ እውነት ነው። የሚስቁትም ነገ ተራው የእነሱ እንዳይሆን ፈርተው እንደሆነ አውቃለሁ (ያም ሆኖ መሳቃቸው አልቀረም)። ፈረቃዬን በዋዜማው ማታ ይቀይርና ጠዋት «አረፈድሽ» ብሎ ማስጠንቀቂያ ይጽፍብኛል። በማስታወሻ ደብተሬ 14 ቀን መዝግቤያለሁ።

አሁን ወደ ቅጹ። «የቅሬታ ዓይነት» ሲል ስርቆት አለ፣ የደመወዝ ስህተት አለ፣ የንብረት ብልሽት አለ። ሰው ሰውን ማሸማቀቁ የለም። «ሌላ» የምትለዋን ነካሁ። ከ500 ፊደል በላይ አይቀበልም። ስምንት ወር በ500 ፊደል! ፋይል ማያያዝም ስለማይቻል ደብተሬ ከቦርሳዬ ሳይወጣ ቀረ።

ከላይ በአረንጓዴ «ማንነትዎ አይታወቅም» ይላል። ከታች ግን ክፍልና ፈረቃ ካልሞሉ አይልክም። እኔ ደግሞ የባሰ ጥፋት ሠራሁ፤ የተናገረኝን ቃል በቃል ጻፍኩት። በማታው ፈረቃ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። «አንቺ» የምትለዋ ቃል ከስም በላይ አጋለጠችኝ።

ለማን እንደሚሄድም አይናገርም። «ለሚመለከተው ኃላፊ ተልኳል» ብሎ ዝም። የሚመለከተው ኃላፊ ማለት የቅርብ አለቃ ነው አሉ፣ ማለትም ራሱ። በማግስቱ ፈረቃ ስንቀያየር ኮምፒውተሩ ላይ ተደግፎ ጮክ ብሎ አነበበው። ጨርሶ «ይሄን ለማን ነበር ያልኩት?» ብሎ ዙሪያውን አየ። ሄድሴቴን አውልቄ ሽቦውን ስጠቀልል፣ ስፈታ፣ እንደገና ስጠቀልል ነበር።

የሰው ሀብት ክፍል በአካል ሄድኩ። ያነጋገረችኝ ሴት የእስክሪብቶዋን ክዳን እንኳ አልከፈተችም። «እህቴ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ቢቀልድ ትንኮሳ አይባልም፤ ተቀራርባችሁ ተነጋገሩ።» ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 ግን አንድ ጊዜም ይፈጸም ተደጋጋሚ ይሁን በጥቃትና ትንኮሳ ትርጉም ውስጥ ያስገባዋል፤ አቤት ያለ ሰው ከበቀል እንዲጠበቅም ይላል። ይህን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ብነግራትም ክዳኑ የሚከፈት አይመስለኝም። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «እሱ ውጤት የሚያመጣ ልጅ ነው» አሉኝና ፈረቃ ቀየሩ። የእኔን።

በአፑ ላይ ጉዳዬ 11 ሳምንት «በሂደት ላይ» ቆየ። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት ስለ ጠቋሚዎች ጥበቃ ባወጣው መመሪያ ጥቆማው መድረሱ በ7 ቀን ይነገራል፣ የተደረገው ነገር በ3 ወር ውስጥ ይገለጻል፣ የሚከታተለውም ገለልተኛ ሰው ነው። በቀን ቆጠራው የእኛ አፕ ያልፋል። በሦስተኛው ግን ወደቀ፤ ሌላው ሁሉ የወደቀውም በእሱ ነው። አንድ ቀን ስከፍተው «ተፈቷል» ይላል። ማን ፈታው፣ እንዴት ፈታው፣ አንድ መስመር የለም።

መሥሪያ ቤታችሁ ይህን መሰል ነገር ከገዛ፣ ከመጻፋችሁ በፊት መልእክቱ መጀመሪያ በማን ስክሪን ላይ እንደሚከፈት ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ካጣችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያለ የሕግ ሰው ዘንድ ሂዱ።

ይህን እዚህ የምጽፈው ለምን መሰላችሁ? «ተፈቷል» ካለ በኋላ አፑ ራሱ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ኮከብ ነካሁ። ለመላክ ክፍሌንና ፈረቃዬን እንድሞላ አዘዘኝ።