የ7 ቀኗ ወረቀት እንደ አገልግሎት ስትመዘን፦ የላስቲክ ቤቶች ጉዳይ በሐዋሳ

ሐይቅ ዳርም ሆነ ታቦር ተራራ ሥር ባዶ ቦታ ላይ ላስቲክ ቤት ሲተከል ከተማ አስተዳደር በእጁ ያለው ዋና መሣሪያ አንድ ወረቀት ነው። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘን ቦታ ለማስለቀቅ የ7 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይበቃል ይላል። ወረቀቱ ለያዘው ሰው በእጁ ይሰጣል፣ አለዚያም ቦታው ላይ ባለው ንብረት ላይ ይለጠፋል። ፈጣንና ርካሽ ስለሆነ ለፍጥነቱ ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። ለተቀረው 2ም በዛ።

መጀመሪያ የሚበላሸው መለጠፉ ነው። ላስቲክ ላይ ኮላ አይይዝም፤ የሐምሌ ዝናብ ካደረበት ወረቀቱ ጠዋት ጭቃ ውስጥ ነው። ሰውየው «አላየሁም» ሲል እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ክላሰር ውስጥ ከቶ ከአጣናው ጋር በሽቦ ማሰር፣ ፎቶ ማንሳት፣ ሁለት የሠፈር ሰው በምስክርነት ማስፈረም ብዙ ወጪ የለውም። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አማርኛ የማያነብ ሰው ብዙ ስለሆነ ቢያንስ በሲዳምኛና በወላይትኛ ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ቀን፣ ማህተምና የሰጪው ስም የሌለበት ወረቀት ክርክር ሲነሳ ለሰጪውም ለተቀባዩም አይረባም፤ የሚቀበል ሰው ቅድሚያ እነዚህን ሦስቱን ይይ።

በላስቲክ ቤቶቹ የሚኖሩትን ሰዎች መቁጠሩም እንዲሁ ይበላሻል። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የሄደ መዝጋቢ የሚያገኘው ልጆችንና የታመመ ሰው ብቻ ነው፤ የቀን ሠራተኛው በማለዳ ወጥቷል። ከንጋቱ 11፡30 እስከ 12፡30፣ ያለ ፖሊስ፣ ሠፈሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር መሄድ ይሻላል። በየቤቱ ያለው ሰው ብዛት፣ ነፍሰ ጡር፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ፣ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ፣ ከየት እንደመጡና ተመልሰው የሚገቡበት ቤት መኖሩ ይጠየቃል። ይህ ሳይያዝ የሚደረግ ማስለቀቅ ችግሩን ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ማሻገር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በማስጠንቀቂያውና በማፍረሱ መካከል ያለው ጊዜ ነው። «መጸዳጃ ከሰጠናቸው ሥር ይሰዳሉ» የሚል ክርክር አለ። ሰው ግን መጸዳጃ ባይኖርም የሚሄድበት እስኪያገኝ ይቆያል፤ ልዩነቱ ቆሻሻው የት እንደሚገባ ላይ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ጠርጎ የሚያወጣለት የለም። ስፌር የተባለው የሰብዓዊ እርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ይላል። 60 ሰው ያለበት ሠፈር እንግዲህ በቀን 900 ሊትር፣ ማለትም 45 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈልጋል፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በሁለት ቀን አንዴ ከሞላ ይበቃል። መጸዳጃው ሦስት ነው። ጉድጓድ ከተቆፈረ ወለሉ ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ሐይቁ አጠገብ፣ በተለይ ክረምት ሲያልቅ፣ ይህ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በርሜል የተገጠመለትና በፍሳሽ መኪና የሚመጠጥ ይሻላል። መኪናው የሚገባበት መንገድ ግን ቀድሞ ይታይ፤ ጭቃ የያዘው መኪና ስንቱን ሥራ አስቀርቷል!

እንግሊዝ አገር ትራቨለርስ የሚባሉት በካራቫን የሚኖሩ ማኅበረሰቦች ያለ ፈቃድ ሲሠፍሩ የአካባቢ ምክር ቤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ አንቀጽ 77 ልቀቁ ብሎ ያዛል፤ ካልተለቀቀ በአንቀጽ 78 ፍርድ ቤት ሄዶ ትእዛዝ ያወጣል። ሊድስ ከተማ ከዚህ ሌላ መንገድ ሞክራለች፦ መጸዳጃና ቆሻሻ ማንሳት እያቀረቡ፣ የመውጫ ቀንና የጠባይ ደንብ ተስማምቶ ለጊዜው ማስቆየት። ሐሳቡ ለሐዋሳም ይሆናል፤ እንዳለ መገልበጥ ግን አይቻልም። ካራቫን ጎማ አለው፤ በአጣና የቆመ ላስቲክ ቤት ግን ጎማ የለውም። እዚህ የሚደረግ ስምምነት የመውጫ ቀን ብቻ ሳይሆን መግቢያ ቤትም ሊጻፍበት ይገባል፤ ቢያንስ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ወይም ወደ መጡበት የሚመልስ የትራንስፖርት ወጪ።

የማፍረሻው ቀን ዓርብ አይሁን፤ ቅሬታ የሚሰማ ቢሮ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ክረምት ላይ ከሆነ ማለዳ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሳይመጣ ይለቅ። ሸራውን በቢላ መቅደድ ጥቅሙ አይታየንም፤ ፈትቶ ማስረከብ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን ሰዉም ንብረቱን ጭኖ ይሄዳል። ዕቃ ወደ መጋዘን ከገባ ሞዴል 19 የተባለው የንብረት መቀበያ ደረሰኝ ተቆርጦ ቅጂው ለባለቤቱ ይሰጥ፤ «የጠፋ ድስትና ፍራሽ» የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው የሚመጣው ደረሰኝ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ቦታው ዳግም እንዳይያዝ የሚጠብቁት አጥርና ዘበኛ ደግሞ ከማፍረሱ በፊት በጀት ተይዞላቸው፣ በዚያው ቀን ቦታው ላይ ይገኙ።