ሞተሩን ሳይፈቱ በሽታውን ላገኙልኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። በዚያውም አሮጌ መኪና ይዞ ከጋራዥ ጋራዥ ለሚንከራተት ሰው አንድ ነገር ልጠቁም።

ቫኔ 23 ዓመቷ ነው። ናፍጣ ነች፣ ሞተሯ 2.5 ሊትር። ዕቃ እያመላለስኩ የምተዳደረው በእሷ ነው። እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ ማለት ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ደጋግማ ቆማለች። ችግሩ ሁሌም አንድ ነው። ሞተሩ ይሞቃል፣ ውሃው ይፈላል፣ የቴስታታው ጋስኬት (በሞተሩ የላይኛው ክፍልና በታችኛው አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል። ይቀየራል፣ ጥቂት ሳምንት ደህና ትሄዳለች። ከዚያ ጭነት ይዤ ረጅም መንገድ ላይ ስፈጥን የሙቀቱ ጌጅ እንደገና ወደ ቀዩ ይወጣል።

ጋስኬቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ራዲያተሩ አዲስ ነው። ቴርሞስታቱም፣ የውሃ ፓምፑም አዲስ ነው። በየጊዜው "በቃ፣ አሁን አለቀ" እየተባልኩ ተመልሻለሁ። የሠሯትን ሰዎች ክፉ ማለት አልፈልግም። የተቃጠለውን አይተው ቀይረዋል። ግን ለምን ተቃጠለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ስትፈላ "ይሄ ሞተር አልቆለታል፣ ሌላ ሞተር ፈልጊ" አሉኝ። ያን ቀን መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ወደ ጋሼ የላከኝ አንድ የማውቀው ሾፌር ነው። ጋሼ የምላቸው እኔ ነኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። መኪና ከበዛባቸው እንደ ልባቸው ጊዜ ወስደው ማየት እንደማይችሉ ነገሩኝ፣ እኔም ቃላቸውን አከብራለሁ።

እንደደረስኩ ኮፋኖውን ልከፍት ወረድኩ። "ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ" አሉና በርጩማ ሳቡልኝ። ከዚያ ጥያቄው መጣ። የምትሞቀው መንገድ ተዘጋግቶ ቆመሽ ስትጠብቂ ነው ወይስ ስትፈጥኚ? ዳገት ላይ ብቻ ነው? ባዶዋን ስትሆንስ? ጌጁ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው ወይስ ድንገት? ሲወጣ የውስጥ ማሞቂያውን ከፍተሽ ታውቂያለሽ? የሚመጣው አየር ሙቅ ነው ቀዝቃዛ? ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የራዲያተሩን ቱቦ ብትጨብጪው ጠንካራ ነው ለስላሳ?

ግማሹን መመለስ አልቻልኩም። በሁለት ዓመት ውስጥ ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። የማሞቂያው ነገር ግን ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ ጌጁ ሲወጣ ሙቀቱ ከሞተሩ ይወጣልኛል ብዬ ማሞቂያውን ከፍቼው ነበር። የመጣው ቀዝቃዛ አየር ነው። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ አሰመሩበት።

ለምን እንዳሰመሩ ያስረዱኝ እዚያው ነው። መኪና ቆማ ወይም ቀስ እያለች ስትሞቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፋኑ ነው፤ በራዲያተሩ ውስጥ አየር የሚያሳልፍላት እሱ ብቻ ነውና። ስትፈጥን ግን ንፋሱ ራሱ ይገባል። ስትፈጥን ብቻ የምትሞቅ ከሆነ ውሃው በደንብ እየዞረ መሆኑ ያጠራጥራል። ሞተሩ እየነደደ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ሲሰጥ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ትኩሱ ውሃ ማሞቂያው ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ገና ኮፋኖው አልተከፈተም እኮ!

ቫኗን አሳድሪልኝ አሉኝ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ማየት ፈለጉ። በትኩሱ የራዲያተር ክዳን እንዳልከፍት ሲያስጠነቅቁኝ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለውን የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አሳዩኝ። በወጣትነታቸው ቸኩለው ነው። ያ ጠባሳ ከምክሩ በላይ ነገረኝ።

በነጋታው ጠዋት ቀድሜ ደረስኩ። መጀመሪያ ያዩት ጋስኬቱ በእርግጥ ተቃጥሎ እንደሆነ ነው። ራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት የመስታወት ቱቦ ገጠሙና ሞተሩን አስነሱ። ጋስኬቱ ተቃጥሎ የሲሊንደሩ ጭስ ወደ ውሃው የሚገባ ከሆነ ፈሳሹ ቀለሙን ይቀይራል። ቆመን ጠበቅን። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ሞተሩ ሲሞቅ ደግመው ሞከሩት፣ ያው ነው። "ቴስታታው አይፈታም" አሉ። ሌላ ሞተር ፈልጊ የተባልኩበት መኪና ይሄው ነው!

ቀጥለው፣ ሞተሩ እንደገና እስኪበርድ ታግሰው፣ በእጅ ፓምፕ የውሃውን መስመር 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ድረስ ወጥረው ተዉት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ መርፌው ንቅንቅ አላለም። የሚያፈስ ቦታ የለም። ይህ ሙከራ ሌላ ጋራዥም ተሠርቶልኝ ያው ውጤት ተገኝቶ ነበር፣ ነገሩ እዚያ ላይ ቆሞ ቀረ። ጋሼ ግን የራዲያተሩን ክዳን አንስተው መዳፋቸው ላይ አገላበጡትና "ይሄ ተቀይሮ ያውቃል?" አሉኝ። አልተቀየረም። ራዲያተሩ ሲቀየር እንኳ አሮጌው ክዳን ነው አዲሱ ላይ የተገጠመው።

የእጅ ፓምፑ የሚገጠመው ክዳኑ ተነስቶ በክዳኑ ቦታ ነው። ስለዚህ መስመሩ ሲፈተሽ ክዳኑ ሁሌ ውጭ ነው፣ እሱን ማንም አይፈትሸውም። ክዳኑን ለብቻው ፓምፑ ላይ ገጠሙት። ላዩ ላይ 0.9 የሚል ተቀርጿል፣ እስከ 0.9 ባር መያዝ አለበት። 0.3 ላይ ፊስስ አለ። ደገሙት። 0.3።

ያ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ክዳኑ 0.9 ባር ሲይዝ፣ በባህር ጠለል ከፍታ ንጹህ ውሃ እንኳ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። 0.3 ብቻ ሲይዝ 107 አካባቢ ይፈላል። ሞተሬ ያንን ልዩነት ተነጥቆ ነበር የሚሠራው።

እኔ እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ነበር። ክዳን ቀይረን እንሂድ። ጋሼ ግን አልረኩም። "ክዳኑ ቶሎ እንዲፈላ ያደርገዋል። ማሞቂያሽ ለምን ቀዘቀዘ የሚለውን ግን በደንብ አልመለሰልኝም" አሉ። የደብተሩን መስመር አልረሱትም። ከሁሉም በላይ ያመሰገንኳቸው ለዚህ ነው። አንድ ጥፋት ማግኘት ቀላል ነው፣ የሰማሁትን ሁሉ ያስረዳልኛል ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነው።

አሮጌውን ክዳን መልሰው ገጠሙት። ሞተሩን አሞቁና እኔን መሪው ጋ አስቀምጠው ነዳጅ ስጪ አሉኝ። "በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ያዢው።" እሳቸው በባትሪ ብርሃን የታችኛውን የራዲያተር ቱቦ ያያሉ። ትንሽ ቆይተው ረዳታቸውን ጠሩና እግሬን በእሱ እግር አስቀየሩኝ። "ነይ፣ በዓይንሽ እዪው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ ቱቦው ድቡልቡል ነው፣ ምንም አይልም። ልጁ ነዳጅ ሲሰጥ መሐሉ ሰረጎደ። ዙሩ ሲጨምር ሁለቱ ግድግዳዎች ተሳሳሙ፤ ተጠብቶ እንዳለቀ የጭማቂ ካርቶን ጭምድድ አለ። እግሩን ሲያነሳ ተመልሶ ተነፋ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ሁለት ዓመት ያንከራተተኝን ነገር ፊት ለፊት እያየሁት ነበር።

የታችኛው ቱቦ ውሃውን ከራዲያተሩ ወደ ውሃ ፓምፑ የሚወስደው ነው፤ ፓምፑ የሚስበው በእሱ በኩል ነው። ሞተሩ ሲፈጥን መሳቡም ይበረታል። ስለዚህ ይህ ቱቦ ጠንከር ያለ መሆን አለበት፣ አንዳንዱም ውስጡ የሽቦ ስፕሪንግ አለው። የእኔው ቱቦ ግን በመጀመሪያው ጥገና ጊዜ ከሌላ ቱቦ ተቆርጦ የተገጠመ ለስላሳ ላስቲክ ሆኖ ተገኘ። ክዳኑ ደህና ቢሆን በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ቱቦውን ከውስጥ ደግፎ ይይዘው ነበር። ክዳኑ ሲላላ ያ ድጋፍ ጠፋ። ሁለቱ ተጋግዘው ነው የጣሉኝ። መንገድ ዳር ቆሜ ኮፋኖ ስከፍት ደግሞ ሞተሩ ወይ ጠፍቷል ወይ ሚኒሞ ላይ ነው፣ ቱቦውም ደህና ይመስላል። ጥፋተኛው ሁሌ ቀድሞኝ ይነፋል።

ጋስኬቶቹ የተቃጠሉት በዚህ ሳቢያ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ (የሞተሩ የታችኛው አካል) ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል በሁለቱ መካከል የሚታሸው ጋስኬቱ ነው። መቶ ጊዜ ብቀይረው መቶ ጊዜ ይቃጠልብኝ ነበር።

ጥገናው ራሱ ረጅም አይደለም። ልኩ የሆነ ጠንካራ ቱቦ፣ አዲስ ክዳን፣ ግማሽ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግማሽ ንጹህ ውሃ። አየሩን ግን በትዕግስት አስወጡት። የቫኗን አፍንጫ ከፍ አድርገው፣ ማሞቂያውን ከፍተው፣ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቁ። ጌጁ እውነት እየተናገረ መሆኑንም በሌላ ቴርሞሜትር አመሳከሩት፤ በአሮጌ መኪና የላላ የመሬት ሽቦ ጌጁን ያስዋሸዋል አሉኝ። ከዚያ አብረን ነዳን። ማሞቂያውን ከፈትኩት፣ እጄን የሚያቃጥል አየር መጣ።

ስንጨርስ አሮጌውን ቱቦና ክዳን በካርቶን አድርገው ሰጡኝ። ያስከፈሉኝ ዕቃውንና ሲፈትሹ የዋሉበትን ሰዓት ነው። የፍተሻውን ሰዓት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የከፈልኩበት ቀን የለም። ፔዳሉን ይዞልኝ የዋለውንም ረዳት አመሰግናለሁ። ጋሼ እያንዳንዱን ነገር ለእሱም ያስረዱት ነበር።

አሮጌ መኪና ካላችሁ እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ። ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት "መቼ ነው የሚያደርጋት?" ብሎ የሚጠይቃችሁን፣ ጥፋቱን ዓይናችሁ እያየ የሚያሳያችሁን፣ የፈታውን ዕቃ የሚመልስላችሁን። እናንተም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። መቼ እንደሞቀች፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳ፣ ባዶ ወይስ ጭነት ይዛ፣ ምን ያህል ውሃ እንደጨመራችሁ ጻፉት። እኔ የማሞቂያውን ነገር ያስታወስኩት በአጋጣሚ ነው። ባልነግራቸው ኖሮ ክዳን ቀይረን ተለያይተን ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት ሙሉ ጭነት ይዤ ያንን የምፈራውን ረጅም ዳገት ወጣሁት። ዓይኔ ከጌጁ አልተነቀለም። መሐል ላይ ቆመ፣ ዳገቱ እስኪያልቅ አልተነሳም። ላይ ስደርስ ዳር ይዤ ለጋሼ ደወልኩ። "እሰይ" አሉኝ፣ ቀጥለውም "ነገ ጠዋት ሲበርድ የውሃውን ልክ እዪና ደውዪልኝ።"

ጠዋት አየሁት። ከምልክቱ አልወረደም። ደወልኩላቸው።