በአንድ መደርደሪያ ላይ፦ የአራት ኪሎው አሮጌ መጻሕፍት ቤት

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ፣ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኘው ይህ ሱቅ፣ በበሩ አናት ላይ «አሮጌ መጻሕፍት እንገዛለን፣ እንሸጣለን፣ እናከራያለን» ከሚል ጽሑፍ በቀር መጠሪያ የለውም። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ከቆሙበት ሦስተኛው ደጅ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ስመላለስበት ቆይቻለሁ፤ ስለዚህም ከአንድ በላይ ሃይማኖት አንብቦ ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚጎድለው መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

በከተማችን የሃይማኖት መጻሕፍት የሚሸጡት እንደየምእመኑ ተለያይተው ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያለው ሱቅ ቁርአን አይዝም፣ በመስጊድ አጠገብ ያለውም ወንጌል አይዝም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ስለሚያገለግል በዚህ የሚወቀስ የለም። የዚህ ሱቅ ባለቤት ግን መጻሕፍቱን የደረደሩት በሃይማኖት ሳይሆን በጉዳይ ነው። ስለ ዐቢይ ጾም የተጻፈው ስለ ረመዳን ከተጻፈው ጎን ቆሟል፤ ስለ ጸሎት፣ ስለ ምጽዋት፣ ከሞት በኋላ ስላለው ሕይወት የተጻፉትም እንዲሁ ተጎራብተዋል። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሆነው አንድ ቁርአን ብቻ ነው፤ እርሱም ሙስሊም የሆነው የሱቁ ረዳት በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሁሉም በላይ ያስቀመጠው ነው።

እኔ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ውስጥ ሲሆን፣ በግቢያችን ያሉትን ሙስሊም ጎረቤታችንን በዓል በመጣ ቁጥር እንኳን አደረሰዎ እያልሁ ነው ያደግሁት። ይሁን እንጂ ስለ እምነታቸው የማውቀው ሁሉ እምነታቸውን ከሚቃወሙ ሰዎች የሰማሁት እንደ ነበረ የተረዳሁት ከጎለመስሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ። የማስታወሻ ደብተሬን ገጽ በሦስት እከፍላለሁ፤ በመጀመሪያው መጽሐፉ ራሱ የሚለውን፣ በሁለተኛው በመጽሐፉ የሚያምን ሰው የሚሰጠኝን ማብራሪያ፣ በሦስተኛው የራሴን ጥያቄ ወይም ተቃውሞ አሰፍራለሁ። ሁለተኛው ሳይሞላ ሦስተኛውን አልነካም። «ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው» የሚለውን አባባል የማልቀበለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለሰላም ሲባል በቅን ልብ እንደሚነገር ባውቅም፣ እያንዳንዱ እምነት የሚለውን ሳያዳምጡ የሚሰጥ ፍርድ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ለዚህ ደንቤ የሱቁ የኪራይ አሠራር እጅግ ረድቶኛል። በመጀመሪያው ቀን የጠየቅሁት እስልምናን ለመንቀፍ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ነበር። ባለቤቱ መጽሐፉን አቀበሉኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ትወስዳለህ፤ ግን የእምነቱ ባለቤቶች ራሳቸው የሚሉትንም አብረህ ትወስዳለህ። ለሁለተኛው ኪራይ አልቀበልህም» አሉኝ። እርሳቸው አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናቸው። «ጋሼ፣ ይህን ለሁሉም ሰው ነው የሚያደርጉት?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ኦርቶዶክስን የሚነቅፍ መጽሐፍ የሚከራይም ሰው ከቤተ ክርስቲያን የወጣ መጽሐፍ በነጻ እንደሚጨመርለት ነገሩኝ።

በዚያ ቀን የተሰጠኝ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ቁርአን ነው። እቤቴ ካለው የ1954 ዓ.ም. መጽሐፍ ቅዱስ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ፣ የሉቃስን ወንጌል መጀመሪያ በማርያም ስም ከተጠራው የቁርአን ምዕራፍ፣ ከሱረቱ መርየም ጋር አነበብሁ። ይህ ምዕራፍ የነቢዩ ሙሐመድ የአጎት ልጅ ጃዕፈር በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ሀገራችን ከተሰደዱት ሙስሊሞች ጋር በነጋሢው ፊት ቆሞ እንዳነበበው በእስልምና ታሪክ የሚተረከው ነው። ሁለቱም የሚጀምሩት ልጅ ባጣው በሽማግሌው ዘካርያስ ነው፤ በሁለቱም ዘካርያስ መናገር ያቆማል። በሉቃስ ግን መልአኩ ዲዳ ትሆናለህ የሚለው የተነገረውን ስላላመነ ሲሆን፣ በቁርአን ዝምታው እርሱ ራሱ የለመነው ምልክት ነው፣ የሚቆየውም ሦስት ሌሊት ነው። ጎረቤታችንን ይህን ስጠይቃቸው፣ ነቢይን እግዚአብሔር እንደ ቀጣው አድርጎ መናገር ለእርሳቸው እንደሚከብዳቸው በትሕትና አስረዱኝ። ይህን በሁለተኛው ዓምድ ከጻፍሁ በኋላ፣ ሦስተኛው ላይ ልጽፈው አስቤው የነበረው ነቀፋ ቦታ አጣ። ማርያም ስለምትወልደው ልጅ ማንነት ግን ሁለቱ መጻሕፍት የሚለያዩት በመሠረቱ ነው፤ እርሱን ልዩነት ልሸፋፍነው አልሞከርሁም፣ በደብተሬም እንደ ተጻፈ አለ።

ሱቁ ጥሩ የሆነበት ሌላው ነገር፣ የሚያከራክረውን መጽሐፍ ከነክርክሩ ማቅረቡ ነው። በዋሻ ተሸሽጎ፣ ሰው ሁሉ የኔ እምነት ትክክል ነው ሲል እውነቱን ማን ይነግረኛል ብሎ የጠየቀውን የፈላስፋውን የዘርአ ያዕቆብን ሐተታ ስከራይ፣ ባለቤቱ ሁለት ጽሑፎች ጨመሩልኝ፦ አንዱ ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ድርሰቱ የሚሲዮናዊው የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ሲል ያቀረበውን ሐሳብ የሚያስረዳ፣ ሌላው ሐተታው የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ የተከራከረውን የፍልስፍና ምሁሩን የክላውድ ሰምነርን መልስ የያዘ። እኔ በበኩሌ የጸሐፊው ማንነት ቢያከራክርም ጥያቄው አይሞትም እላለሁ፤ ሆኖም ማን እንደ ጻፈው ሳያጣራ እውነትን እፈልጋለሁ የሚል ሰው ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ቀረ ይሰማኛል።

ከጉድለቶቹ ትልቁን ያየሁት በምወደው መጽሐፍ ላይ ነው። ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ ዕንባቆም፣ በረላምና ዮዋሴፍ የተባለውን ታሪክ በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውታል። ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን አይቶ ዙፋኑን ስለ ተወው የሕንድ ልዑል የሚናገረው ይህ ታሪክ ከቡድሃ ሕይወት የመነጨ ነው፤ ዮዋሴፍ የሚለው ስምም ቦዲሳትቫ (ወደ ቡድሃነት የሚጓዝ ሰው) ከሚለው ቃል በየቋንቋው እየተለወጠ የመጣ ነው። አባቶቻችን በገዳም ሲያነቡት የኖሩት ታሪክ ከቡድሃ ሀገር ተነሥቶ፣ በሙስሊሞች ቋንቋ አልፎ እንደ ደረሰን ሳውቅ ለብዙ ቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም። ይሁን እንጂ ሱቁ ያለው በ1923 እ.ኤ.አ. የታተመው የግእዝ ንባብ ፎቶ ኮፒ ሲሆን፣ ከመካከሉ ብዙ ገጾች ጎድለውታል፤ ይህንንም የነገረኝ ሰው ስለሌለ ያወቅሁት ግእዝ ከሚያስነብበኝ የቅኔ ተማሪ ጋር ግማሹን ካነበብን በኋላ ነው። መጻሕፍቱ ከመከራየታቸው በፊት ገጻቸው ቢቆጠር መልካም ነው።

የቡድሃና የሂንዱ መጻሕፍት ያሉት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ስለ ኦሮሞ ነባር እምነት፣ ስለ ዋቄፈና የሚያስረዳ አንድም መጽሐፍ አላገኘሁም፤ በየዓመቱ እሬቻ በመሐል ከተማው በሚከበርባት አዲስ አበባ ይህ መጉደሉ ያሳዝናል። አንዱ ሌላውን የሚነቅፍባቸው መጻሕፍትም ከሚገባው በላይ በዝተዋል፤ ባለቤቱ ሰው የሚሸጥላቸው እነርሱን ስለሆነ ነው ይላሉ።

ኪራዩ ለሁለት ሳምንት 60 ብር ነው፤ የመጽሐፉ ዋጋ በማስያዣነት ይሰጣል፣ ሲመለስም ሳይጎድል ይከፈላል። ዓርብ ረዳቱ ለጁምዓ ስለሚሄድ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፣ እሑድም አይከፈትም፤ ተረጋግቶ ለመምረጥ የሚሻለው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የበረላምና ዮዋሴፍ ቅጂ ለጊዜው እኔ ዘንድ ነው። የጎደሉትን ገጾች በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ፈልጌ፣ ካገኘኋቸው አባዝቼ በየቦታቸው አስገብቼ እንደምመልሰው ለባለቤቱ ቃል ገብቻለሁ።