ለጉበቴ የሰጠሁት ደም፦ የጉበት ካንሰር የዲኤንኤ ምርመራውን ወስጄ ያየሁት

ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ አለብኝ። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ፣ ምክንያቱም እኛ ሰዎች ስለዚህ በሽታ የምናወራው በሹክሹክታ ነው። ዕድሜዬ 47 ነው። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ምግብ አበስላለሁ።

ቫይረሱ እንዳለብኝ ያወቅኩት የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ነው። እዚህ አገር ነፍሰ ጡር ሁሉ ትመረመራለች። ልጄ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ክትባቱንም፣ ሌላውን መከላከያ መርፌም ተወጋ። ዛሬ 15 ዓመቱ ነው፣ ነፃ ነው። እኔ ግን ስወለድ ከእናቴ ተላልፎብኝ ሳይሆን አይቀርም። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕፃናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ለእኛ አልደረሰም።

ለታላቅ ወንድሜም አልደረሰም። ደሴ ነበር የሚኖረው። ጎኔን ከበደኝ ብሎ ሐኪም ቤት ሲሄድ ዕጢው ጉበቱን ይዞት ነበር። አራት ወር አልቆየም። 43 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ብሎ አያውቅም። የጉበት ክፋቱ ይኼ ነው፣ ዝም ይላል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ጉበቱ ሳይጠጥር፣ ሲሮሲስ የሚባለው ደረጃ ሳይደርስም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ እነሳለሁ። ኤኤፍፒ የሚባለውን፣ የጉበት ካንሰር ሲኖር ደም ውስጥ ሊጨምር የሚችል ፕሮቲን የሚለካውን የደም ምርመራም አብሬ እሰጣለሁ። ችግሩ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ውጤቶቼ ላይ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ የጉበቱ ከፊል በደንብ አልታየም። ሰውነቴ ከበድ ያለ ነው፣ ስቡ የድምፁን ሞገድ ይይዘዋል። ባለሙያዋ በግራ ታዞረኛለች፣ በቀኝ ታዞረኛለች፣ ትንፋሽ ያዢ ትለኛለች። ያው ነው። ዶክተሬ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ያሳዩትን ነገረኝ። ገና በለጋነቱ ካለ 100 የጉበት ካንሰር ውስጥ አልትራሳውንድ ብቻውን የሚይዘው 45 ያህሉን ነው። ኤኤፍፒ ሲጨመርበት 63 ይሆናል። እኔ ለዓመታት "ንፁህ ነሽ" ስባል እፎይ እል ነበር። ያን ቀን ግን ወንድሜን አሰብኩት።

ያኔ ነው አዲሱን የደም ምርመራ እንሞክር ያለኝ።

እንዲህ ነው የገባኝ። ሴል ሲሞት ዲኤንኤው ተሰባብሮ ደም ውስጥ ይገባል፣ የጤነኛውም የካንሰሩም። ዲኤንኤው ላይ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ። የትኛው ጂን ይሥራ፣ የትኛው ይዘጋ የሚለው በእነሱ ጭምር ነው የሚወሰነው። ካንሰር ሲጀምር ምልክቶቹ ያለቦታቸው ይለጠፋሉ። ምርመራው የሚፈልገው እነዚያን ነው። ዕጢውን አያይም፣ ዕጢው ደም ውስጥ የጣለውን ያነባል።

አሜሪካ ውስጥ ስማቸው የሚነሳ ሁለት አሉ። አንዱ ኤግዛክት ሳይንስስ ከማዮ ክሊኒክ ጋር ያዳበረው ኦንኮጋርድ ሊቨር ነው። የሁለት ጂኖችን ምልክት፣ ኤኤፍፒንና የሰውየውን ጾታ አንድ ላይ ያሰላል። በታተመው ጥናት ለጋ ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች 82ቱን ይዟል። ካንሰር ከሌለባቸው 100 ሰዎች ግን 13ቱን አለባችሁ ብሏል። ሁለተኛው የሂሊዮ ጂኖሚክስ ሂሊዮሊቨር ነው። እሱ 28 ጂኖችን ከሦስት ፕሮቲኖች ጋር ያያል። ለጋውን ከ100 76 ያገኛል፣ በስህተት የሚያስደነግጠው ደግሞ 9 ያህል ነው። የወሰድኩት የትኛውን እንደሆነ አልጠቅስም፣ የምለው ለሁለቱም ይሆናል።

ደም መስጠቱ ቀላል ነው። ቁርሴን በልቼ ነው የሄድኩት። ደም የቀዳችልኝ ሐበሻ ነበረች። "የኔ እህት፣ በየትኛው እጅሽ ነው ደም ሥሩ ቶሎ የሚገኘው?" አለችኝ። በቀኙ አልኳት። አንድ ጊዜ ወጋችኝ፣ አለቀ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ጄል የለም፣ መገላበጥ የለም፣ ትንፋሽ መያዝ የለም። ሥራ አስፈቅዶ ግማሽ ቀን ለማይተርፈው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አልትራሳውንዱን ከዓመት ዓመት የሚገፉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ደም ስጡ ቢባሉ ግን ይሄዳሉ።

ውጤቱ በ9ኛው ቀን መጣ። አመጣጡን ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም። ዓርብ ማታ ነው፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። እራት እያቀረብኩ ስልኬ ጮኸ። ከክሊኒኩ በኢንተርኔት የተላከ መልእክት ነው። ከፈትኩት። ፖዘቲቭ ይላል። ሌላ ምንም የለም። የደወለልኝ ሰው የለም፣ የምደውልበትም የለም፣ ክሊኒኩ ተዘግቷል። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ በሩን እያንኳኳ "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ ድምፅ አልወጣልኝም።

ሁለት ሌሊት ዓይኔ አልተከደነም። ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ለእህቴ ደወልኩ። ልነግራት አልቻልኩም። "እታለም፣ እባክሽ አንቺም ተመርመሪ" ብቻ አልኳት። ገባት መሰለኝ። "እሺ እናቴ፣ እመረመራለሁ፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ" አለችኝ። ክሊኒኮችን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ውጤት ሰው ሳይደውል አትልቀቁት። ሰኞ ጠዋት ቢለቀቅ ምን ነበረበት?

ማክሰኞ ዶክተሬ አልጋው ላይ የሚዘረጋውን ወረቀት ቀደደና በእስክሪብቶ ያሰላልኝ ጀመር። እንዳንቺ ያሉ 1000 ሰዎች ይመርመሩ እንበል አለ። 10ሩ ካንሰር ይኑርባቸው። በኦንኮጋርድ ሊቨር ቁጥር ብንሄድ ከ10ሩ 8ቱ ይያዛሉ። ከቀሩት 990 ደግሞ 129ኙ ያለምንም ካንሰር ፖዘቲቭ ይወጣሉ። በድምሩ 137 ሰው ይደነግጣል፣ እውነት የሆነው ለ8ቱ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ አሁንም አለ። ይህን ደም ከመስጠቴ በፊት አውቄው ቢሆን ያ ዓርብ ማታ ሌላ ዓርብ ይሆን ነበር። ስለዚህ ምርመራውን የምትወስዱ ሰዎች፣ ደም ከመቀዳታችሁ በፊት ይህን ስሌት አስሉልኝ በሏቸው።

ሌላም አለ። ምርመራው አለ ይላል እንጂ የት እንዳለ አይልም። ፖዘቲቭ ከወጣ መድኃኒት ተወግቶ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ መነሳት ግድ ነው። ለእኔ የኤምአርአይ ቀጠሮ የተገኘው በ19ኛው ቀን ነው። ተነሳሁ። ምንም የለም። በ3 ወሩ ደገምነው፣ አሁንም ምንም የለም። ያቺን በደንብ አልታየችም ስትባል የኖረችውን የጉበቴን ክፍል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት አድርገው አዩልኝ። ለእኔ ይህ ብቻውን ዋጋ አለው።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። ከኢንሹራንሱ አንድ ወረቀት መጣ፣ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት። ከላይ በትንሹ "ይህ ቢል አይደለም" ይላል። እንዳትከፍሉ። ቢሉ ሲመጣ ላቦራቶሪው ደውዬ ገቢዬን አስረዳሁ፣ ቀነሱልኝ። ደም ከመስጠታችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍን እንደሆነ የምርመራውን ስም ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

ኮከብ ስጪ ብባል ከ5 አራት እሰጠዋለሁ። ይህ ለምርመራው ነው፣ ለክሊኒኩ አላላክ አይደለም። አንዷን ኮከብ ያስቀረሁት እነዚያ ጥሩ ቁጥሮች የመጡት ካንሰር እንዳለባቸው አስቀድሞ የታወቁ ሰዎችን ከሌለባቸው ጋር በማወዳደር ስለሆነ ነው። ገና ምኑም ያልታወቀ ሰው ላይ ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ኔጋቲቭ ወጣልኝ ብሎ አልትራሳውንዱን የሚተው ሰው ካለ፣ እባካችሁ አትተዉት። ሄፓታይተስ ወይም ሲሮሲስ የሌለበት ሰው ደግሞ ለማንኛውም ልየው ብሎ ባይገባበት ይሻላል። እሱ ላይ ፖዘቲቭ ቢወጣ ስህተት የመሆን ዕድሉ ከእኔም ይብሳል። አልትራሳውንዱ በደንብ የማያሳየው፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። እኔ እደግመዋለሁ። ለሚያዝያ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ለሁለቱም።

እታለም ቃሏን ጠበቀች፣ በሳምንቱ ተመረመረች። እሷም አለባት። ጉበቷ ግን ንፁህ ነው ተብላለች። አሁን በየ6 ወሩ እዚያው ደሴ አልትራሳውንድ ትነሳለች፣ በተነሳች ቁጥር ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች።